በዓለ ሃምሳ ሲቃረብ

የሁዳዴ ጾም ሊፈታ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ሰው ሁሉ ፋሲካን እያሰበ ምራቁን በሚውጥበት ጊዜ፣ እስከዳር ጾሙ ባያልቅ ትወድ ነበር።

ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ቡይት ራስ ባለ አንድ ሎጅ ልብስ አጣቢ ናት። አንሶላና ፎጣ አጥባ ከግቢው ጀርባ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ በተወጠረው ሽቦ ታሰጣለች፤ ነፋሱ አንሶላውን ነፍቶ ከእጇ ሊነጥቃት ይታገላታል። ከዚያ ሆና ከደባርቅ ወደ ጃናሞራ የሚወጣው መንገድ ይታያታል። ባሏ ደምለው በቅሎዎቹን እየነዳ የሚያልፈው በዚያ መንገድ ነው። ድሮ የቱሪስት ድንኳንና ስንቅ ይጭን ነበር። ጦርነቱ ቱሪስቱን ካራቀው ወዲህ የነጋዴ ስኳርና ጨው ወደ ጃናሞራ ያደርሳል። ሳምንት ይሄድና ደባርቅ ቤታቸው ገብቶ ጥቂት ቀን ያርፋል።

እስከዳር የምትናፍቀውም የምትፈራውም እነዚያን ጥቂት ቀናት ነው።

ትንሿ ልጃቸው እየሩስ ስትወለድ ምጡ ጠንቶ የእስከዳር ማህፀን ተተርትሮ ነበር። ሆስፒታል ደርሳ በቀዶ ሕክምና ተረፈች። ዶክተሩ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ ለእርሷ ብቻ ነገራት፦ «የተሰፋ ማህፀን ነው ያለሽ። ዳግመኛ ካረገዝሽ ይቀደዳል፤ ያን ጊዜ እዚህም አትደርሺልን።» ደምለው በዚያ ሰሞን ከተራራው ማዶ ነበር። ወሬው ደርሶት እየሮጠ ሲመጣ ሕፃኗን ታቅፎ፣ እንባውን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ ሳቀ። «በይ እንግዲህ ታላቅ ወንድሟ አለ፣ እሷ መጣች፤ ገና አምስት ይቀረናል» አላት። እናቱ ከኋላው ቆመው «አሜን» አሉ። እስከዳር የምትናገረውን ዋጠችው። መውለድ ያቆመች አክስቷ በሽማግሌ ተፈትታ፣ ሣጥኗን በአህያ ጭና ስትመለስ በልጅነቷ አይታለች።

የመጀመሪያውን ዓመት ከመንግሥት ጤና ጣቢያ የወሊድ መከላከያ መርፌ በነጻ እየተወጋች፣ ባሏም ሳያውቅ፣ በሰላም አለፈች። ከዚያ መንገዱ መዘጋጋት ጀመረና መርፌው መምጣት አቆመ። ኪኒን እንዳትውጥ ከወሊዱ ወዲህ የደም ግፊት አለባት። የቀረው ክንድ ላይ የሚቀበረው ነው፤ እርሱ ደግሞ ያለው ደባርቅ ውስጥ ካለ አንድ የግል ክሊኒክ ብቻ ነበር።

ክሊኒኩን ታውቀዋለች። ሎጁ ለሠራተኞቹ የሕክምና መድን የገባው በዚያ ነው። የሎጁን ካርድ የያዘ ሰው እስከ ቤተሰቡ ያለ ክፍያ ይታከማል፤ በአገሩ እንዲህ የሚያደርግ ሌላ አሠሪ የለም። የእርሷንም የቀዶ ሕክምና ወጪ የቻሉት የሎጁ ባለቤት አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ናቸው። ወጪ ብቻ አይደለም፤ ደም ሲጠፋ እጅጌያቸውን ሰብስበው የሰጧት እሳቸው ነበሩ። ውሉ ከጥርስ እስከ አጥንት ሁሉን ይሸፍናል። የወሊድ መከላከያን ብቻ አይሸፍንም። ይህን ያስወጡት ራሳቸው አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ሲሆኑ፣ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው በግልጽ ነግረዋል።

እንደዚያም ሆኖ ባለፈው ሐምሌ ቢሯቸው ገብታ ለመነቻቸው። ዶክተሩ ያላትን ሁሉ ነገረቻቸው። ለሰው ስትነግር ያ የመጀመሪያዋ ነበር።

አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ በወጣትነታቸው ዲያቆን የነበሩ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«እስከዳር ልጄ፣ ብትሞቺብኝ ኖሮ ምን እሆን እንደነበር እግዜር ያውቃል» አሉ።

«እንግዲያስ ጋሼ…»

«አልችልም። እኔና ባለቤቴ የሺወርቅ ሃያ ዓመት ሙሉ ማርያም ደጅ ወድቀናል፤ አንድ ልጅ ስጪን ብለን። ሌሊት እየተነሣች ስታለቅስ እሰማታለሁ። እኔ ይከፈትልኝ ብዬ የማንኳኳውን በር፣ ለሌላው ዝጉት ብዬ ልክፈል? ሌላው ያድርገው፤ አልፈርድበትም። በእኔ ስም ግን አይሆንም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጾም አለ አይደል? ከባልሽ ጋር ተስማምታችሁ በጾም በጸሎት ብትኖሩ፣ ሥጋችሁም ነፍሳችሁም ይድናል።»

ከዚያ በቀጥታ ክሊኒኩ ሄደች፤ ከራሷ ኪስ ከፍላ ልታስቀብር። ነርሷ ሲስተር ምሥራቅ ካርዷን አይታ አንገቷን ነቀነቀች።

«የሎጁ ሰው ነሽ። ለሎጁ ሰው በገንዘቡም ቢሆን እንዳንሰጥ የክሊኒኩ ባለቤት ከልክሎናል። ውሉን እንዳያጣ ነው።»

«ጋሽ ሃብቴ እንዲህ አላሉም እኮ። በእኔ ስም አይከፈል ነው ያሉት።»

«እሳቸውማ አላሉም። ያላሉትን የፈራ የእኛው ሰው ነው። እኔ እዚህ ብዙ አልቆይም፤ ዳባት ጤና ጣቢያ ልቀጠር ነው። ስልክሽን ስጪኝ፤ እዚያ ሲገባ እደውልልሻለሁ።»

ስልኩ ግን ሳይደወል ወራት አለፉ። እስከዳር በእነዚያ ወራት ያደረገችው አለቃዋ ያሏትን ነው፤ ከባሏ ጋር መስማማቱ ብቻ ቀረ። ፍልሰታ ሲገባ ደምለው እንደ ወጉ መደቡ ላይ አነጠፈ፣ እሷ ከልጆቹ ጋር አልጋው ላይ ተኛች። ጾሙ ሲፈታ እናቴ ታማለች ብላ ጃናሞራ ወረደች። ተመልሳ የጽጌን ጾም ያዘች፤ የፈቃድ ጾም ነው፣ ከመነኩሴና ከአሮጊት በቀር ብዙ ሰው አይይዘውም። ቀጥሎ የነቢያት ገባ። ጥርን የሌሊት ተረኛ ነኝ እያለች ሎጅ አደረች። ነነዌ መጣ፣ ሁዳዴ ተከተለ። ደምለው አንድም ቀን ለምን ብሎ አልጠየቃትም። አለመጠየቁ ነው ይበልጥ የከበዳት።

አሁን ግን የሚመጣው ፋሲካ ነው። ከፋሲካ በኋላ እስከ ጰራቅሊጦስ በዓለ ሃምሳ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። በዓመቱ ውስጥ መደበቂያ የሌለው ጊዜ ቢኖር እርሱ ነው።

ከሆሣዕና በፊት ባለው ቅዳሜ ከሰዓት ደምለው ከጃናሞራ ገባ። በቅሎዎቹን አራግፎ አጠጣና ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መዳፉን ዘረጋላት።

«እስኪ እይልኝ እስኬ። ገመድ ስስብ እሾህ ገብቶብኛል።»

መርፌ አምጥታ አጠገቡ ተንበረከከች። መዳፉ እንደ ቁርበት ደርቋል። የበቅሎ ላብና የኮርቻ ሽታ አለው። እሱ መንገድ ሲወጣ አሮጌ ጋቢውን የምትለብሰው ይህን ሽታ ፍለጋ ነው። እሾሁ ወዲያው ብቅ አለ። በጥፍሯ ይዛ አወጣችውና በጣቶቿ መካከል ደበቀችው። እጁን ግን አልለቀቀችም።

«ወጣ?»

«አልወጣም። አትንቀሳቀስ።»

በመርፌው ጫፍ ባዶውን ቦታ እየነካካች ቆየች። ትንፋሹ ሻሿ ላይ ያርፋል። ቀና ስትል ዓይኖቹ እሷ ላይ ነበሩ፤ ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው ፈጥኖ ወደ በቅሎዎቹ አዞራቸው።

«አሁን ወጣ» ብላ ተነሣች።

ደምለው መዳፉን እያሸ «ለፋሲካ ቀሚስ ልግዛልሽ ወይ?» አለ።

«ቀሚስ ምን ያደርግልኛል? ያለኝ ይበቃኛል።»

ይህን ያለችው አዲስ ቀሚስ ለብሳ ፊቱ መቆም ስለፈራች ነው። እሱ ግን «እንዲያ ነው?» አለና መሬት መሬቱን አየ።

በጸሎተ ሐሙስ የሎጁ ሠራተኞች ወጥ ቤት ተሰብስበው ጉልባን በሉ። የስንዴና የባቄላው ንፍሮ በትልቅ ትሪ መጣና ሁሉም ዙሪያውን ተቀመጠ። ወጥ ቤቷ ማንጠግቦሽ፣ አፏ የማያርፍ ሴት፣ እስከዳርን በክርኗ ጎሸመቻት።

«ኧረ እስክዬ፣ ጽጌን ጾምሽ፣ ሁዳዴን ጾምሽ፤ ደግሞ ለበዓለ ሃምሳ ምን ጾም አውጥተሻል?»

«ተይኝ እስኪ አንቺ።»

«ምስኪን ደምለው! በቅሎዎቹ እንኳ ከእሱ ይሻላሉ፤ እሱ አንዳንዴ ያቅፋቸዋል። የኔማ ባል ከእሁድ ጀምሮ ‹ፋሲካ መቼ ነው› እያለ ሰባት ጊዜ ጠይቆኛል። ዶሮው ናፍቆት መስሎሽ ነው?»

ሴቶቹ ሳቁ፤ እስከዳርም ሳቀች። በዚህ መካከል አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ገቡና ሁሉም ተነሣ።

«ተቀመጡ፣ ተቀመጡ» አሉ። ጉልባኑን ቀምሰው በረከት እንዲሆን ተመኙና ዓይናቸውን እስከዳር ላይ አሳረፉ። «ጾም እንደዚች ልጅ ነው። ከሁላችንም እሷ ትሻላለች። እኔ ራሴ ጽጌን አልያዝሁትም።»

እስከዳር አንገቷን ደፋች። ሲወጡ በር ላይ ጠሯት።

«ከፋሲካ በኋላ ከመምሬ ተክለ ማርያም ጋር እንነጋገራለን። ልብሽ ወዴት እንዳደላ አይቻለሁ። አይዞሽ፣ ሥራሽም ልጆችሽም አይጎድሉብሽም።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባትም። ደማቸው በደሟ ውስጥ ይዞራል፤ እንዴት አድርጋ «ጋሼ፣ ይህ ሁሉ ጽድቅ አይደለም» ትበላቸው?

በስቅለት ቀን ቤተ ክርስቲያን ቆማ ስትሰግድ፣ ሰሞኑን ጠፍቶ የሰነበተው ኔትወርክ ተመለሰና ስልኳ ቀሚሷ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ስግደቱ እስኪያልቅ አላየችውም። ከግቢው ወጥታ ስትከፍተው መልእክቱ ከሲስተር ምሥራቅ ነው፦ «ዳባት ገብቷል። ጥቂት ነው፣ ቶሎ ያልቃል። ሰኞ ተረኛ ነኝ፤ ነይ።» ሰኞ ብቻዋን ሾልካ ልትሄድ አሰበች። እስከዚያ ግን እሑድ አለ።

የፋሲካ ጠዋት ቤታቸው ዶሮ ዶሮ ሸተተ። ጎረቤት እንኳን አደረሳችሁ ብሎ ከወጣና ልጆቹ በልተው ወደ ውጭ ከሮጡ በኋላ ደምለው ከኮርቻው ከረጢት አንድ ፌስታል አውጥቶ ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። ፊቱ የታጠበ፣ ጺሙ የተላጨ ነው። ያማረበትን ያህል አስፈራት።

ፌስታሉን ፈታችው። ውስጡ ጥቁር መቁጠሪያ ነበር፤ የመነኮሳት ዓይነት፣ ጫፉ መስቀል ያለው።

«ይኼ የማን ነው?»

«የአንቺ ነዋ። ደረስጌ ማርያም ድረስ ሄጄ አስባርኬዋለሁ።»

«ለእኔ? ለምን?»

ደምለው እጆቹን ጉልበቱ ላይ አጣመረ። የተለማመደውን የሚናገር ሰው ይመስል ነበር።

«ጋሽ ሃብቴ መንገድ ላይ አስቁመው ነገሩኝ። ሚስትህ የተመረጠች ናት፤ ወደ ምንኩስና እያደላች ነው፤ አትከልክላት አሉኝ። እኔማ ከፍልሰታ ጀምሮ ጠርጥሬ ነበር። እየሩስን ስታምጪ ለማርያም ተስለሽ ይሆናል፤ ከሞት ካወጣሽኝ ራሴን እሰጥሻለሁ ብለሽ። ስለት አይጠየቅም ብዬ ዝም አልሁ። ቀሚስም ምን ያደርግልኛል አልሽኝ። እኔ… ከእመቤቴ ጋር አልሻማም። ልጆቹን አሳድጋለሁ።»

ይህን ብሎ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

እስከዳር መጀመሪያ ሳቀች። ሳቁ አፏ ላይ እያለ ወደ ለቅሶ ተለወጠ።

«እኔ? እኔ ልመነኩስ? አንተ ቂል! ጋቢህን እያሸተትሁ የማድር ሴት?»

«ምን አልሽ?»

ነገረችው። ዶክተሩ ያለውን፣ የተሰፋውን ማህፀን፣ መርፌውን፣ መርፌው መቅረቱን፣ የሎጁን ውል፣ የክሊኒኩን ክልከላ፣ ጾሞቹን አንድ በአንድ፣ ከዳባት የመጣውን የሲስተር ምሥራቅን መልእክት። «አምስት ይቀረናል አልህ፤ እናትህም አሜን አሉ። መውለድ እንደማልችል ብነግርህ ትሄድብኛለህ ብዬ ፈራሁ።»

ደምለው ተነሣ። ፊቱ ላይ እሷ የጠበቀችው ቁጣ አልነበረም፤ ሌላ ነገር ነበር።

«ጋሽ ሃብቴ ይህን ያውቃሉ?»

«ያውቃሉ። ለምኛቸው ነበር።»

«ለአለቃሽ ነግረሽ እኔን ደበቅሽኝ።»

በሩን ከፍቶ ወጣ። እስከዳር መቁጠሪያውን ጭኗ ላይ እንደያዘች ቀረች። በመስኮቱ በኩል በቅሎዎቹ ዘንድ ቆሞ፣ ግንባሩን የአንዷ አንገት ላይ አስደግፎ ታየዋለች። ሄዶ ኮርቻ ያነሣ እንደሆን ብላ ጠበቀች። ኮርቻው ካለበት አልተነካም። የወጡ እንፋሎት እስኪጠፋ ድረስ እዚያው ቆመና ተመልሶ ገባ። ከመደቡ ላይ ሳይሆን ከአልጋው ጫፍ፣ ከአጠገቧ ተቀመጠ።

«ሞተሽ ብትቀሪ አምስቱን ማን ይወልዳቸው ነበር?» አለ።

«እናትህስ?»

«እናቴ ያሻትን ትበል። ከአንቺ ጋር የምትኖረው እናቴ ናት?» ከዚያ እጇን ያዘ። «ዳባት በስንት ሰዓት ይከፈታል?»

በማግስቱ ልጆቹን ለጎረቤት ትተው በማለዳ አባዱላ ተሳፈሩ። መንገዱ ክፍት ነበር። ሲስተር ምሥራቅ በዓሉን ተረኛ ሆና የዋለችበት ብስጭት ፊቷ ላይ ቢኖርም፣ እስከዳርን ስታይ ሳቀች። ሥራው ብዙ አልፈጀም። ክንዷን አደንዝዛ ቀበረችውና በነጭ ጨርቅ ጠቀለለችው። ደምለው ግድግዳው ላይ ያለውን የክትባት ማስታወቂያ እያነበበ የቆመ መሰለ።

«ሲስተር» አለ በመጨረሻ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ። «እ… ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከመቼ ጀምሮ ምኑ?» አለች ምሥራቅ፣ እያወቀች።

«የሚሠራው።»

«አንድ ሳምንት ትታገሣላችሁ። ዳግም ትንሣኤን አልፋችሁ ነው።»

«በበዓለ ሃምሳ ጾም የለም እኮ!»

«ይቺኛዋን ያዘዝሁት እኔ ነኝ። ቄስ ቢጠይቅህ ወደ እኔ ላከው።»

እስከዳር ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። በመመለሻቸው አባዱላው ሞልቶ ስለነበር ተጣብቀው ተቀመጡ፤ ትከሻው ትከሻዋ ላይ እስከ ደባርቅ ድረስ ሳይነሣ ሄደ።

ማክሰኞ ሎጅ ገባች። እጅጌዋን ልታወርደው አስባ ነበር፤ አንሶላ ሲታጠብ ግን እጅጌ አይወርድም። ስታሰጣ አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ከኋላዋ መጡ።

«እንኳን አደረሰሽ። ክንድሽን ምን ሆንሽ?»

ተቃጥዬ ነው ማለት ትችል ነበር።

«አስቀበርሁት ጋሼ። ዳባት ሄጄ።»

ነፋሱ አንሶላውን ነጠቃት። አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ሳያስቡት አንዱን ጫፍ ያዙና ሽቦው ላይ አብረዋት ዘረጉት። ጨርቁ በመካከላቸው ቆሞ ፊታቸውን ከለለባት።

«በእኔ ካርድ?» አሉ ከወዲያ።

«በእርስዎ ካርድ አይደለም።»

«ያ ሁሉ ጾምስ?»

«ጾሜ ጾም ነው ጋሼ። ልቤ ግን መንገዱ ላይ ነበር። ባሌ ይናፍቀኝ ነበር። እርስዎ ልትመነኩስ ነው ብለው ሲነግሩት አምኖ ልጆቼን አሳድጋለሁ አለኝ።»

«አሳዘንሁት» አሉ ቆይተው። «ውሉን ግን አልቀይረውም። እንዳትጠብቂ።»

«አውቃለሁ። ክሊኒኩ ግን በገንዘባችንም ከልክሎናል፤ እርስዎን ፈርቶ። ለእኔ ዳባት ደረሰልኝ። ለሌላዋ ላይደርስላት ይችላል።»

«በገንዘባችሁም?» አንሶላውን ገለጥ አድርገው አዩዋት። ይህን አያውቁም ነበር። «እኔ እንዲያ አላልሁም።»

«አላሉም።»

ሊሄዱ ዘወር ሲሉ እስከዳር ከሽርጧ ኪስ መቁጠሪያውን አወጣች።

«ይህን ደምለው ደረስጌ አስባርኮ ገዝቶልኝ ነበር። ለእትዬ የሺወርቅ ይስጡልኝ።»

በሁለት እጃቸው ተቀብለው ተሳለሙት። ወደ ቢሯቸው ሲሄዱ እንደ ሌላው ቀን ቀጥ ብለው አልነበረም። ከቢሯቸው መስኮት ስልክ ሲደውሉና የክሊኒኩን ባለቤት በስሙ ሲጠሩት ሰማች፤ የቀረውን ነፋሱ ወሰደው።

ወደ ቀትር የበቅሎዎቹ ቃጭል ከታች ተሰማ። ደምለው ጨው ጭኖ ወደ ጃናሞራ እያለፈ ነው፤ የሚመለሰው ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ነው። ከመንገዱ ወጥቶ እስከ አጥሩ መጣ። እሷም ቅርጫቷን አስቀምጣ ወረደች። በአጥሩ እንጨቶች መካከል መዳፉን አሾለከ።

«ያቺ እሾህ» አለ፣ «ያን ቀን ወጥታ ነበር አይደል?»

«ወጥታ ነበር።»

«አውቄ ነበር። ለዚያ ነው ያልተንቀሳቀስሁት።»

እጁን ያዘችው። አንደኛዋ በቅሎ መንገዱን ብቻዋን ጀመረች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ደምለው ዞር ብሎ ጠራቸው እንጂ እጁን አልወሰደም።